የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ማንቸስተር፣ ከጨዋታው በኋላ

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ እኅቴ ማንቸስተር ትኖራለች። በመጪው የውድድር ዘመን ልጠይቃት ስሄድ የማንቸስተር ዩናይትድን ስታዲየም ኦልድ ትራፎርድንም የማንቸስተር ሲቲን ኢትሃድንም በጨዋታ ቀን ለማየት አስቤአለሁ፤ እርሷ ግን «መሄዱ ቀላል ነው፣ መመለሱን አስብበት» ትለኛለች። ካርታ ላይ ስመለከት ከኦልድ ትራፎርድ ግድግዳ ጋር የተጣበቀ የባቡር ጣቢያ ይታየኛል። ጣቢያ እደጁ ያለ ስታዲየም መመለሻው እንዴት ይከብዳል? (አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እኅትዎ እውነታቸውን ነው። በካርታው ላይ ያዩት ጣቢያ አለ፤ ባቡር ግን አይቆምበትም። ከማንቸስተር በዋሪንግተን በኩል ወደ ሊቨርፑል የሚሄደው ሐዲድ ከስታዲየሙ የደቡብ መቀመጫዎች ጀርባ ሥር ያልፋል፤ ጣቢያውም በ1935 (በዚህ ዓምድ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተከፈተው ለጨዋታ ቀን ብቻ እንዲያገለግል ነበር። ይሁን እንጂ ጠባብ የባቡር መሳፈሪያ ላይ በአንድ ጊዜ የሚፈስሰው ሕዝብ የደኅንነት ሥጋት በመሆኑ አገልግሎቱ ከተቋረጠ ዓመታት ተቆጥረዋል። ያው ሐዲድ ስታዲየሙንም ራሱን አስሮታል፦ ሌሎቹ ሦስት ጎኖች ደርብ በደርብ ሲያድጉ የደቡቡ ጎን ባለ አንድ ደርብ ሆኖ የቀረው በዋናነት ከኋላው የሚሰፋበት ቦታ ስለሌለ ነው። ማንቸስተር ዩናይትድ በ2025 መጋቢት ወር አጠገቡ 100 ሺህ ሰው የሚይዝ አዲስ ስታዲየም ለመሥራት ማቀዱን ሲያስታውቅ ከሁሉ ቀድሞ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ በአካባቢው ያለው የጭነት ባቡር ማራገፊያ ወዴት ይዛወር የሚለው መሆኑም ከዚሁ የመጣ ነው። የኳስ ወሬ የሚመስለው ነገር ከውስጡ የሐዲድ ወሬ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ የሚሄዱት በትራም ነው። ሜትሮሊንክ የሚባለው የማንቸስተር ትራም በ1992 ሥራ የጀመረ ሲሆን ዛሬ 99 ፌርማታዎች አሉት። «ኦልድ ትራፎርድ» የተባለው ፌርማታ ስሙ አያታልልዎ፤ በሩ ላይ ያለው የላንክሻየር ክሪኬት ሜዳ ነው፤ ከዚያ ወደ ኳሱ ስታዲየም አሥር ደቂቃ ያህል በእግር ይሄዳሉ። በ2020 በተከፈተው የትራፎርድ ፓርክ መስመር ላይ ያለው ዋርፍሳይድ የተባለው ፌርማታም ከስታዲየሙ ሩቅ አይደለም፤ ብዙ ጎብኚ ስለማያውቀው ልንጠቁምዎ ወደድን።

አሁን ሒሳቡን ይመልከቱት። ስታዲየሙ ከ74 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። አንድ ትራም ቆሞ የሚሄደውን ጨምሮ 200 ገደማ ሰው ሲይዝ፣ ሁለት ተቀጥለው ሲመጡ 400 መሆኑ ነው። ሁሉም በትራም ልመለስ ቢል 185 ባለ ሁለት ትራሞች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። ሲመጡ ሰዉ በሦስትና በአራት ሰዓት ውስጥ ተከፋፍሎ ስለሚደርስ ጭንቁ አይታይም፤ የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ግን ያ ሁሉ ሕዝብ በሩብ ሰዓት ውስጥ መንገድ ላይ ነው። ይህን የትኛውም ከተማ በተሽከርካሪ ብዛት ብቻ አይፈታውም።

የኢትሃድ ታሪክ የተገላቢጦሽ ነው። ስታዲየሙ የተሠራው ለ2002 የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ሲሆን ማንቸስተር ሲቲ በ2003 ገባበት፤ ትራሙ ግን እዚያ የደረሰው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2013 ነው። ከፒካዲሊ ባቡር ጣቢያ ሥር ከሚነሣው ትራም ላይ ሦስተኛው ፌርማታ «ኢትሃድ ካምፓስ» ይባላል፤ ከስታዲየሙም ጋር ፊት ለፊት ነው። ጨዋታው ሲያልቅ አስተናባሪዎች ሰዉን በሰልፍ እያስገቡ በተራ ያሳፍራሉ። ከ2024 ወዲህ አጠገቡ ትልቅ የሙዚቃ አዳራሽ ስለተከፈተ የሚሄዱበት ምሽት ኮንሰርት ያለበት መሆን አለመሆኑን አስቀድመው ያጣሩ።

የእኛ ምክር አጭር ነው፦ ወይ ይቆዩ፣ ወይ በእግርዎ ይሂዱ። ከኢትሃድ እስከ ፒካዲሊ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ ከደጋፊው ጋር እየተጨዋወቱ መሄዱ በሰልፍ ከመቆም ይሻላል። ከኦልድ ትራፎርድ ወደ መሀል ከተማ ያለው ረዘም ስለሚል እዚያው ሻይ ጠጥተው አንድ ሰዓት ማሳለፉ ይመረጣል። በ89ኛው ደቂቃ ወደ በር የሚሮጥ ሰው ሁልጊዜ አለ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ብዙውን ጊዜ ጎሉም ያመልጠዋል፣ ትራሙም አይቀልለውም።

አንድ ነገር አይርሱ። በትራም ፌርማታዎች ላይ በካርድ የሚከፈት በር ባይኖርም የባንክ ካርድዎን ሲሳፈሩም ሲወርዱም ካርድ ማንበቢያው ላይ ማስነካት ግዴታ ነው፤ ሲወርዱ ከዘነጉ ሊከፍሉ ከሚገባዎ በላይ ሊቆረጥብዎ ይችላል። በአውቶቡስ ግን ሲሳፈሩ ብቻ ይበቃል።

ጥያቄ፦ በማንቸስተር አውቶቡሱ ሁሉ ቢጫ ሆኗል ይባላል። የቀለም ለውጥ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለው? (ከበርሚንግሃም)

መልስ፦ ቀለሙ አውቶቡሶቹ በሕዝብ አስተዳደር ሥር የመሆናቸው ምልክት ነው። ከ1986 ጀምሮ ከለንደን በስተቀር በእንግሊዝ ከተሞች መስመሩንም ዋጋውንም የሚወስኑት የግል ኩባንያዎች ነበሩ። የታላቁ ማንቸስተር (የከተማዋና የአካባቢዋ) ከንቲባ አንዲ በርነም በ2021 መስመሮቹ በሕዝብ አስተዳደር ሥር እንዲመለሱ ወሰኑ፤ ውሳኔውን በፍርድ ቤት የተቃወሙ ኩባንያዎች ነበሩ፣ አልቀናቸውም። ለውጡ በ2023 መስከረም በቦልተንና በዊጋን ተጀምሮ በ2025 ጥር መላውን አካባቢ አዳረሰ። አሁንም ሾፌሩን የሚቀጥረው ኩባንያ ነው፤ የት እንደሚሄድና ስንት እንደሚያስከፍል የሚወስነው ግን ከተማው ነው። በዚያው ወር በአገሪቱ የአንድ ጉዞ የአውቶቡስ ዋጋ ጣሪያ ወደ 3 ፓውንድ ከፍ ሲል ማንቸስተር 2 ፓውንድ ላይ ለመቆየት የቻለችው ሥልጣኑ በእጇ ስለነበረ ነው። ንብ የከተማዋ የታታሪነት ምልክት በመሆኗ መረቡ «ቢ ኔትወርክ»፣ የንብ መረብ፣ ተብሎ ተሰይሟል።

ጥያቄ፦ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ማንቸስተር ላይ ደጋግሞ አሸንፏል የሚባለው እውነት ነው? (ከለንደን)

መልስ፦ እውነት ነው። በከተማዋ ጎዳናዎች ላይ በየዓመቱ የሚካሄደውን የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር አምስት ጊዜ አሸንፏል፤ ጥሩነሽ ዲባባም በሴቶች ደጋግማ ድል አድርጋበታለች። ሩጫው ከመሀል ከተማ ተነሥቶ በኦልድ ትራፎርድ አቅራቢያ ዞሮ ዲንስጌት ጎዳና ላይ ያበቃል። ዩሴን ቦልት በ2009 ግንቦት ወር 150 ሜትሩን በ14.35 ሰከንድ የሮጠው በዚሁ ጎዳና ላይ በተዘረጋ መም ነው። ለማየት የሚሄዱ ከሆነ በዕለቱ የመሀል ከተማ መንገዶች ስለሚዘጉና አውቶቡሶች አቅጣጫ ስለሚቀይሩ በትራም ይሂዱ።