በጥቂት ብር አስፈሪ ፊልም ልትሠራ ላሰብከው ወንድሜ፦ ገንዘቡን ለድምፁ አስቀምጥ

ወንድሜ፣ ከጓደኞችህ ጋር በጥቂት ገንዘብ ልትሠሩት ያሰባችሁት አስፈሪ ፊልም ግማሹ ሳቅ ግማሹ ጭንቀት ሆኖባችሁ፣ ቀልዱን ሁሉ ቆርጣችሁ ትጥሉ እንደሆነ ጠይቀሃል። እኔም በዚሁ መንገድ ያለፍኩ ስለሆንኩ የማውቀውን ልንገርህ። ካሜራና መብራት ከየት እንደሚገኝ አልነግርህም፤ እዚያ ድረስ እንደደረሳችሁ አልጠራጠርም።

አንደኛ፣ ቀልዱን አትቁረጡት። ይህን በድፍረት የምልህ እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣውን «ካርኒቫል ኦፍ ሶልስ» የተሰኘውን የአሜሪካ ፊልም ደጋግሜ ስላየሁት ነው። ዳይሬክተሩ ኸርክ ሃርቪ በካንሳስ ግዛት በሎውረንስ ከተማ የትምህርትና የፋብሪካ ፊልሞችን ሲሠራ የኖረ ሰው ሲሆን፣ ይህንን ፊልም የጨረሰው በ33,000 ዶላር ገደማና በጣት በሚቆጠሩ ባለሙያዎች ነው፤ ባለታሪኳን ሴት እየተከተለ የሚያስፈራራትን ዋናውን መንፈስም ራሱ ፊቱን ነጭ ተቀብቶ ተጫውቶታል። ፊልሙ ወጥ አይደለም። የአንዳንዱ ተዋናይ አፍና ድምፅ አይገጥምም፤ ሐኪሙ ሲናገር የሚሰብክ ይመስላል፤ የባለታሪኳ ጎረቤት ደግሞ በጠዋት ቡናው ላይ አልኮል እየጨመረ ሲያሽኮረምማት ሌላ ፊልም የተጀመረ ይመስልሃል። ነገር ግን ሴትዮዋ ሌሊቱን ብቻዋን ላለማደር ስትል እንዲህ ያለውን ሰው እንኳ ስታስጠጋ፣ ፍርሃቷ ምን ያህል እንደሆነ የሚገባን በእርሱ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ቦታ። ሃርቪ በዩታ፣ በታላቁ የጨው ሐይቅ ዳርቻ የቆመውንና ሰው የተወውን ሳልቴር የተባለ የመዝናኛ ሕንፃ በመኪና ሲያልፍ አይቶ ነው ታሪኩ የተፀነሰለት፤ ለቀረጻውም በ50 ዶላር ተከራየው። እኛ አንድ የቆየ ባዶ ሕንፃ ለመጠየቅ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ስንሄድ፣ ኃላፊው ደብዳቤያችንን ሳያነበው ጠረጴዛው ላይ ወደ እኛ ገፋ አድርጎ፣ «ሰይጣን ልትጠሩብን ነው?» አለን። ቀና ብሎ እንኳ አላየንም። ነገ ተመለሱ፣ ሌላ ደብዳቤ አምጡ እየተባልን ተመላልሰን በመጨረሻ የአክስቴን ቤት ተጠቀምን፤ እውነቱን ልንገርህ፣ የአክስቴ ቤት ከሕንፃው ይልቅ ያስፈራ ነበር። ስለዚህ ፈቃድ ከማሳደዳችሁ በፊት የራሳችሁን ዘመዶች ቤቶች ዞራችሁ እዩ።

ዋናው ጉዳይ ድምፅ ስለሆነ በእርሱ ላይ ልቆይ። በእኛ ፊልም ውስጥ እናትየው ማታ ብቻዋን ተቀምጣ ሳለ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይቆይና ድንገት ፍጹም ጸጥ ይላል፤ በመስኮቱ ግን ውሃው አሁንም ሲወርድ ይታያል። ሥራውን የሰጠነው ስቱዲዮ ይህንን ዝምታ በኪቦርድ ሙዚቃ ሞልቶ መለሰልን። ስንቃወም ባለሙያው፣ ድምፅ ከሌለ ተመልካቹ ስፒከሩ የተበላሸ ይመስለዋል ብሎ ተከራከረን፤ ሙዚቃው ይውጣ ስንለው ተጨማሪ ክፍያ ጠየቀ፤ ንግግሩን፣ ሙዚቃውንና ሌላውን ድምፅ ለየብቻ ስጠን ስንለውም እንዲህ ያለ ውል የለንም አለን። ከተዋንያን ክፍያና ከትራንስፖርት ይልቅ ኪሳችንን ያራቆተው ይህ ነው። እኛ ግን አልተውነውም። የዝናቡን ድምፅ በሌላ ሌሊት እንደገና ቀርጸን፣ ያንን ትዕይንት ቤት ውስጥ በራሳችን ኮምፒውተር መልሰን ሠራነው። ለእይታ በቀረበበት ምሽት ዝናቡ ጸጥ ሲል፣ ሲያወሩ የነበሩት የኋላ መቀመጫዎች ሁሉ ዝም አሉ። በሠራሁት ሥራ እንደዚያ ምሽት ኮርቼ አላውቅም።

በተለያየ ስሜት የተሠሩ ትዕይንቶችን የሚያስተሳስራቸው ድምፅ መሆኑን የተማርኩት ከዚሁ ከሃርቪ ፊልም ነው። የፊልሙ ሙዚቃ ከዳር እስከ ዳር ኦርጋን ነው፤ ባለታሪኳም የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ስለሆነች ሙዚቃው ከራሷ ሕይወት የወጣ ነው። ልብስ መደብር ውስጥ ግን ድንገት የዓለሙ ድምፅ ይቋረጥባታል፤ ሻጯም መንገደኛውም አያዩዋትም፣ አይሰሟትም፤ መናፈሻ ውስጥ ዛፍ ተደግፋ ስትቆም የወፎች ድምፅ ይመለሳል። ለዚህ ውድ መሣሪያ አላስፈለገውም።

ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ንግግሩ፣ ሙዚቃውና ሌላው ድምፅ ሦስቱም ለየብቻ እንደሚሰጧችሁ፣ ያለ እናንተ ፈቃድም ሙዚቃ እንደማይጨመር በጽሑፍ አስፈርሙ። ከአከፋፋይ ጋርም እንዲሁ ተጠንቀቁ፤ የሃርቪን ፊልም የወሰደው አከፋፋይ ከስሮ ሃርቪ ከድካሙ ሳይጠቀም ቀርቷል፤ ከዚያ በኋላም ሌላ ረጅም ፊልም አልሠራም። በቅጂዎቹ ላይ የባለቤትነት ማስታወቂያ ስላልተጻፈበት ፊልሙ በአሜሪካ የማንም ንብረት ሳይሆን ቀርቷል፤ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ታገኘዋለህ። የመደብሩን ትዕይንት ከጓደኞችህ ጋር በጆሮ ማዳመጫ ተመልከቱትና ስክሪፕታችሁን ላክልኝ፤ የትኛው ቦታ ዝም ማለት እንዳለበት አብረን እናያለን።