ሳምቡካ የሚባለው መጠጥ የጣዖት ነው ወይ? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ መምህር ሰላም ለእርሶ ይሁን። የምኖረው ሮም ነው፣ ባር ውስጥ እሰራለሁ። ሳምቡካ የሚባል የአኒስ መጠጥ አለ፣ ሶስት የቡና ፍሬ ጣል አርገን ነው የምናቀርበው። አንድ ወንድም "ስሙ ዳንኤል ላይ ለጣዖት የተመታ መሳሪያ ነው፣ መቅዳቱም መስገድ ነው፣ ክራርም አትስሚ" ብሎ አስፈራራኝ። እኔም ከሥራ ስንወጣ ከልጆቹ ጋር ትንሽ ትንሽ እላለሁ። ምን ላርግ?

መልስ፦ እህቴ ሰላም ላንቺም ይሁን። ስሙን እንኳን አልተሳሳተም፣ በግሪኩና በላቲኑ ዳንኤል 3፥5 ላይ በዚህ ስም የሚጠራ ባለ ሶስት ማዕዘን የክር መሳሪያ አለ፣ በኛ አማርኛ ክራር የተባለው ቦታ ላይ ማለት ነው። ግን ከዛ ተነስቶ የደረሰበት ልክ አይደለም፣ ይሄንንም ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ፣ ዕቃውን ይረግሙና የሰውየውን ልብ ይተዉታል። ጥቅሱን እስከ መጨረሻው አንብቢው እስቲ፣ በገናም እኮ እዛው ዝርዝር ውስጥ አለ! በዐቢይ ጾም የምንደረድረውን በገና እንጣለው እንዴ? ሠለስቱ ደቂቅ ክራር አልሰበሩም፣ ጆሯቸውንም አልደፈኑም፣ ድምፁ ተሰምቶ ሕዝቡ ሁሉ በግንባሩ ሲደፋ እነሱ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ንጉሡንም ላቆምከው ለወርቁ ምስል አንሰግድም አሉት፣ እሳት ውስጥ የተጣሉት ለዚህ ነው። መዝሙር 150 ደግሞ በበገናና በመሰንቆ አመስግኑት ይላል። ስለዚህ ክራርሽን ስሚ፣ የጠርሙስ ስምም አያስፈራሽ።

እኔን ያሳሰበኝ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር ነው። ኢሳይያስ 5 ላይ ነቢዩ ወዮ የሚላቸው ሰዎች በግብዣቸው መሰንቆም በገናም ወይን ጠጅም አለ፣ ያጡት የእግዚአብሔርን ሥራ ማየት ነው። ከማለዳ ጀምረው መጠጥ ሲከተሉ ይመሻል። "ትንሽ ትንሽ" ያልሽው እህቴ ሳምቡካ ጠላ አይደለም፣ 38 ፐርሰንትና ከዛ በላይ አልኮል ነው፣ ደክሞሽ ባዶ ሆድሽን ስትጠጪው ደግሞ ሁለተኛውን እምቢ የምትዪበት አቅም ከየት ይመጣል? ቅዱስ ጳውሎስ በወይን ጠጅ አትስከሩ ሲል (ኤፌ 5፥18) የጠርሙሱን ስም አልጠየቀም። ስሙን ፈርተሽ መጠጡን አለመፍራትሽ ነው ያሳዘነኝ፣ ስቆጣሽ አይደለም፣ አገር ርቆ ብቻ መኖር እንዴት እንደሚከብድ ይገባኛል፣ ከልጆቹ ጋር መቀመጡንም አትተዪ፣ ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ።

ሥራውን በሚመለከት የእንጀራ ጉዳይ ነውና ዛሬውኑ ልቀቂ አልልሽም፣ የሰከረ ሰው ድገሚኝ ሲልሽ ግን አትቅጂለት። በዚህ ሳምንት ለንስሐ አባትሽ ደውዪና ስለ ስሙ ሳይሆን ከሥራ በኋላ ስላለው ሰዓት ንገሪያቸው።