ላፕቶፕህ ይበቃሃል፣ እኔን የጎዳኝ ሌላ ነው

ወንድሜ፣ «ሰርን (ጄኔቭ አጠገብ ያለው የፓርቲክል ፊዚክስ ማዕከል) ሳልሄድ፣ ከአዲስ አበባ ሆኜ፣ በፕሮቶን ግጭት በሚፈጠሩ ሶፍት (ዝቅተኛ ጉልበት ያላቸው) ፓርቲክሎች ላይ ማስተርሴን መሥራት እችላለሁ?» ብለሃል። ትችላለህ። እኔ ሠርቼ ተመርቄበታለሁ። አራት ወር ግን ሜዳ ላይ ፈሶብኛል።

1. ለዳታ አትጨነቅ። ፒቲያ 8፣ ግጭቱን በኮምፒውተር አስመስሎ የሚሠራው ፕሮግራም፣ ነፃ ነው፣ ላፕቶፕ ላይ ራን ይደረጋል። በሙከራ የተለካው ውጤት ሄፕዳታ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ተዘርግፎልሃል። የግጭት ብዛትም አያስፈራህ፤ አሊስ፣ ሰርን ካሉት የሙከራ ቡድኖች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የመጀመሪያ ጽሑፉን ያዘጋጀው 284 ግጭቶችን ብቻ ይዞ ነው።

2. ፒቲያ ላይ ሃርድ የሚባሉትን (ከፍተኛ ጉልበት የሚለዋወጡባቸውን) ሂደቶች ተዋቸው፣ ሶፍት ኪውሲዲ ከሚባለው የተራ ግጭቶች ምድብ ኢንኤላስቲኩን፣ አዲስ ፓርቲክል የሚፈጠርበትን፣ አብራ። ስታወዳድር የግጭቱ ምድብ አንድ መሆኑን እይ። እኔ የያዝኩት በ7 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት የግጭት ጉልበት፣ መሃል ላይ ቢያንስ አንድ ቻርጅ ያለው ፓርቲክል የወጣባቸውን ነበር። አሊስ እዚያ የለካው በአንድ የፕሱዶራፒዲቲ (ፓርቲክሉ ከጨረሩ አንጻር የሚወጣበት አቅጣጫ መለኪያ) አሃድ በአማካይ 6.01 ቻርጅ ያላቸው ፓርቲክሎች ነው። የኔ ከዚያ በላይ ይወጣል። ደግሜ ባስኬደውም ይወጣል።

3. እዚህ ጋ ነው የተበላሁት። ጥፋቱ የሞዴሉ መሰለኝ። ሞናሽ የሚባለውን ቱን (የፒቲያ ቁጥሮች አስቀድመው የተስተካከሉበትን ስብስብ) መነካካት ጀመርኩ። አንዱ ግራፍ ሲስተካከል ሌላው ይበላሻል። ሰፈራችን ማታ ማታ መብራት ስለሚጠፋ፣ ጄኔሬተር ያለውን የኮምፒውተር ክፍል ለማስፈቀድ ቢሮ ደጅ ጠናሁ። ሰውዬው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ደብዳቤው ክብ ማህተም አለው፣ ቲተር የለውም» አለኝ። ቲተር አስመትቼ ስመለስ «ቀኑ አልፏል» ተባልኩ። በሦስተኛው «ለመሆኑ ይሄ ፕሮቶን ምን ይጠቅማል?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ለመናገር ያኔ ለራሴም መልሱ ጠፍቶኝ ነበር።

ለካ ጉዱ ያለው አንድ ሴቲንግ ላይ ነው። ፒቲያ ዲፎልቱ ላይ ኬ-ዜሮ-ሾርትንና ላምዳን፣ ቶሎ የሚፈርሱ ሁለት ፓርቲክሎችን፣ ይበታትናቸዋል፤ ከነሱ የሚወጡትን ፓዮኖችና ፕሮቶኖች እኔ ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ። አሊስ ደግሞ ከነዚህ የሚወለዱትን ከቆጠራው ያወጣል። ዕድሜያቸው በብርሃን ጉዞ ሲለካ የኬ-ዜሮ-ሾርት 2.7፣ የላምዳ 7.9 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከ10 ሚሊሜትር በላይ የሚኖረውን እንዳይበትን እዘዘው። እኔ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በገዛ ላፕቶፔ ቀየርኩት፤ ግራፉ ላይ የኔ መስመር ወደ አሊስ ነጥቦች ወረደ። ጮኼ የቀሰቀስኩት እናቴን ነው። «ምን ሆንክ?» ስትለኝ «ላምዳ ነው» አልኳት።

የዚያ የኮምፒውተር ክፍል ማሽን የግድ ካስፈለገህ ግን፣ ደብዳቤህ ላይ ቲተሩን ቀድመህ አስመታ።