ከመኪናው ስር ምን ላልቷል? ጥያቄና መልስ

መልስ ሰጪ፦ ከስር ስለሚላሉና ስለሚንኳኩ ነገሮች ጠይቁ። ድምፁ መቼ እንደሚመጣ (ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥለት ሲሠራ፣ ጉድጓድ ሲገባ፣ ሲታጠፍ፣ ፍሬን ሲያዝ)፣ በየት በኩል እንደሆነና ሞተሩ ሲሞቅ ይለወጥ እንደሆነ ካልጻፋችሁ መልስ አትጠብቁ። በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ስር ደግሞ ማንም አይግባ፤ ካቫሌቶ (መኪናውን ደግፎ የሚይዝ የብረት መቆሚያ) ይደረግ።

አሮጌው ሰዳን፦ ጋሼ፣ ሚኒሞ ላይ ከመሀል የቆርቆሮ ንዝረት አለው። ትንሽ ነዳጅ ስሰጠው ይጠፋል፤ ሲሞቅም ይቀንሳል።

መልስ ሰጪ፦ ጥያቄ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የምጠረጥረው የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) መስመር የሚሸፍነውን የሙቀት መከላከያ ላሜራ ነው። ብዙ ጊዜ ብሎኑ አይደለም የሚፈታው። ላሜራው ስስ ስለሆነ በብሎኑ ዙሪያ ይዝጋል፤ ቀዳዳው ሰፍቶ የብሎኑን ራስ ያሳልፋል። እሱን ብሎን ማጥበቅ ዋጋ የለውም።

መስመሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ላሜራውን በጎማ መዶሻ መታ መታ አድርገው። ያው ድምፅ ከመጣ አገኘኸው። ብሎኑ ብዙውን ጊዜ ባለ 6 ሚሊሜትር ነው፣ በ10 ቁልፍ ይፈታል። የዝገት ማስለቀቂያ ርጭበትና ቆይ፤ መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው በኩል ትንሽ ነቅነቅ፣ ከዚያ ፍታ። በጉልበት ከጀመርክ ይቆረጣል። የውጭ ስፋቱ ከ25 እስከ 30 ሚሊሜትር የሆነ ሮንዴላ (ቀዳዳ ያለው ክብ ጠፍጣፋ ብረት) አስገብተህ መልሰህ እሰር፤ 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃዋል።

ቀዳዳው ጨርሶ ከተበላ፣ ላሜራው ቱቦው ላይ የተገጠመ ከሆነ በማይዝግ ብረት ፋሼታ (ዙሪያውን አቅፎ የሚያጠብቅ ቀለበት) እቀፈው። ወለሉ ላይ የታሰረውን ግን ከቱቦው ጋር እንዳታስረው። ቱቦው ከሞተሩ ጋር ይወዛወዛል፣ ወለሉ አይወዛወዝም፤ ላሜራው ይቀደዳል፣ ንዝረቱም ወደ ውስጥ ይገባል።

ካቻቢቴ፦ ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? ነቅሎ መጣል ነው።

መልስ ሰጪ፦ አይጣልም! ካታላይዘር (በማርሚታው መስመር ላይ ያለው የጭስ ማጣሪያ) በሥራ ላይ ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል። ከላዩ ምንጣፍ አለ፣ በአጠገቡ የነዳጅና የፍሬን መስመር ያልፋል፣ የቆምክበት ደረቅ ሣር ከሆነ ደግሞ ከስሩ የሚቀጣጠል ነገር አለ።

በያጅ፦ በሁለት ነጥብ ብየዳ ያልቃል። ፋሼታ ይላላል።

ካቻቢቴ፦ የበሰበሰ ላሜራ ተበይዶ? ይበሳል እንጂ አይያዝም።

በያጅ፦ እጁን የሚያውቅ አይበሳውም። አንተ ጣሉት ያልክ ሰው ስለ ብየዳ ምን አገባህ?

ካቻቢቴ፦ ሽቦ ብታስርበትስ?

መልስ ሰጪ፦ ተዉት። ሽቦ ቤት እስክትደርሱ ነው፤ የፕላስቲክ ማሰሪያ ይቀልጣል። የሚበይድ ሰው የባትሪውን ኔጋቲቭ ይንቀል፣ የነዳጅ መስመር አጠገብ ደግሞ ጭራሽ አይበይድ።

ጀማሪ ነኝ፦ የእኔም መኪና ከስር ድምፅ አለው። ምን ይሆን?

መልስ ሰጪ፦ መቼ? ከየት? ከላይ የጻፍኩትን አንብብ።

ፒክአፕ፦ ትንንሽ ጉድጓድ ላይ ከፊት ቀኝ ኳ ኳ ይላል። ለስላሳ መንገድ ላይ ዝም። ቴስቲናው (የመሪው ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያ) አዲስ ነው።

መልስ ሰጪ፦ የስታቢላይዘሩን ሊንክ እይ፤ መኪናው ሲታጠፍ እንዳያጋድል የሚይዘውን ዘንግ ከጎማው ክፍል ጋር የሚያገናኘው አጭር ብረት ነው። አንዱን ጎማ ብቻ አንስተህ አትፈትሽ፤ ዘንጉ ስለሚወጠር ልቅነቱ ይደበቃል። ሁለቱም ጎማ እኩል ከፍታ ላይ ይሁን፣ ሊንኩን ጨብጠህ ነቅንቅ።

ቀጥሎ ቦል ጆይንት፣ ማለትም ብራቾውን (ጎማውን የሚይዘውን ክንድ) ከጎማው ክፍል ጋር የሚያገናኘው ክብ መገጣጠሚያ። ስፕሪንጉ ታችኛው ብራቾ ላይ ካረፈ፣ ካቫሌቶውን ከብራቾው ስር አድርግ፤ አለዚያ የስፕሪንጉ ጫና ልቅነቱን ይሸፍነዋል። ጎማው መሬት ሳይነካ ከስሩ ረዥም ብረት አስገብተህ ወደ ላይ ሸቅብ። መገጣጠሚያው ውስጥ ልቅነት በዓይን ከታየ መኪናው አይነዳም። ቦል ጆይንት ሲወጣ ጎማው ይታጠፋል።

ፒክአፕ፦ የብራቾውስ ጎሚኒ (መጋጠሚያው ላይ ያለው የጎማ ቡሽ)? አዲሱ ቶሎ የሚቀደደው ለምንድን ነው?

መልስ ሰጪ፦ መኪናው ተንጠልጥሎ ስለሚጠበቅ ነዋ! ብራቾው ወደ ታች ወርዶ ሳለ ብሎኑ ሲጠብቅ የጎሚኒው ጎማ እዚያው ይያዛል። መኪናው ሲወርድ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ በየጉድጓዱም ይብሳል። መጀመሪያ ብሎኑን ላላ አድርገህ አስገባ፤ መኪናው በጎማው ሙሉ ክብደቱን ሲጥል የመጨረሻውን አጥብቅ። ለመግባት ቦታ ከሌለህ ከብራቾው ስር ክሪክ አድርገህ ወደ መደበኛ ከፍታው አንሳው። አካሉ ግን ካቫሌቶ ላይ ይሁን፣ ካቫሌቶ!

የቆየ ዋገን፦ ከማርሚታው ማንጠልጠያ ጎማዎች አንዱ ተበጥሷል። እሱን ብቻ ልቀይር?

መልስ ሰጪ፦ ሁሉንም። ለማስገባት የሳሙና ውሃ፤ ግራሶ ጎማውን ያበላሻል።

አሮጌው ሰዳን፦ ይህ ሁሉ የነዳጅ ፍጆታን ይጨምራል?

መልስ ሰጪ፦ ላሜራ? አይ።

ጀማሪ ነኝ፦ ይቅርታ ጋሼ። ሚኒሞ ላይ ነው፣ ከመሀል። ላሜራው ጠብቋል። ዳገት ላይም ጉልበት ያንሰዋል።

መልስ ሰጪ፦ እንግዲህ እንዲህ በል! ሲቀዘቅዝ ካታላይዘሩን በጎማ መዶሻ ምታው። ውስጡ ጠጠር እንዳለ ከተንኮሻኮሸ፣ የውስጥ ሴራሚኩ ተሰብሯል፤ ስብርባሪው መንገዱን ዘግቶ ጉልበት ይቀንሳል። በብሎን የሚጠገን አይደለም፣ ይቀየራል። ከመቀየርህ በፊት ግን አንዱ ሲሊንደር ነዳጁን ሳያቃጥል እየሳተ እንዳልሆነ አረጋግጥ፤ እሳት የሚሰጡትን ካንዴላውንና ኮይሉን እይ። ያልተቃጠለ ነዳጅ ካታላይዘሩ ውስጥ እየተቃጠለ ከሆነ አዲሱንም ያቀልጠዋል።