መልስ፦ በኢትዮጵያ የነርስ ዲግሪ ጀርመን መሥራት

እህቴ፣ «ዲግሪና የ4 ዓመት ልምድ አለኝ፤ ጀርመን እንደደረስኩ በነርስነት እቀጠራለሁ?» ላልሽው፦ እንደደረስሽ አይሆንም። መጀመሪያ ዲግሪሽ ከጀርመኑ ሥልጠና ጋር ይመዘናል፤ የሚመዝነው የምትሄጂበት ክፍለ ግዛት መሥሪያ ቤት ነው። ለኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው «ይህ ይህ ይጎድልሻል» የሚል ደብዳቤ ነው፤ ዴፊዚትበሻይድ ይሉታል። አትደንግጪ፣ ውድቅ ማለት አይደለም። ከዚያ ወይ ፈተና ትቀመጫለሽ፣ ወይ የማሟያ ሥልጠና ትወስጃለሽ። እስኪያልቅ ድረስ በረዳትነት ትሠሪያለሽ፤ ደመወዙም የረዳት ነው።

እኔን ያንከራተተኝ ትራንስክሪፕቱ ነው። «ሜዲካል ሰርጂካል ነርሲንግ 2፣ 4 ክሬዲት» ይላል፣ አለቀ። እነሱ የሚፈልጉት ስንት ሰዓት ክፍል፣ ስንት ሰዓት ዋርድ ውስጥ እንደነበርሽ ነው። የሰዓቱን ዝርዝር በማኅተም ለማውጣት ሬጅስትራሩ ደጅ ስንት ጠዋት ተሰልፌያለሁ! አንቺ ሳትወጪ ጨርሺው። ስምሽም ዲግሪውና ፓስፖርቱ ላይ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን።

ቋንቋው ቀልድ አይደለም፤ የሙያ ፈቃዱ ሲሰጥ ቢ2 የሚባለው የጀርመንኛ ደረጃ ይጠየቃል (ከታች ወደ ላይ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2 ነው)። አዲስ አበባ ጀርመንኛ የሚያስተምረው ጎተ ኢንስቲትዩት አለልሽ። ከመጋቢት 2024 (በፈረንጆቹ) ወዲህ ደግሞ የሥራ ውል ያለው ሰው በኤ2 ገብቶ ምዘናውን እዚያው እየሠራ የሚጨርስበት የቪዛ መንገድ ተከፍቷል። እኔ ግን ቢያንስ ቢ1 ይዘሽ ሂጂ እላለሁ፤ በኤ2 የታማሚን ሕመም መስማት ይከብዳል።

ብር የጠየቀሽን ደላላ ተይው። ደህና ቀጣሪ የምልመላውን ወጪ ራሱ ይችላል።