የማሳደድ ትእይንት ለጠየቅሽው፦ መሬት ላይ ሳትጨርሺ መኪናውን አታስነሺ

እህቴ፣ የመጀመሪያው ፊልማችሁ ስለተወደደ ክፍል ሁለት ልትሠሪ ነው። ለመኪና ማሳደዱ ስለ ጦር ጄት አብራሪዎች በተሠራው የቶም ክሩዝ ፊልም «ቶፕ ገን፦ ማቬሪክ» ላይ እንዳየሽው ተዋናዩን እውነተኛው ፍጥነት ውስጥ አስገብተሽ መቅረጽ ትፈልጊያለሽ፤ ካሜራማንሽ ደግሞ «መኪናውን አቁመን አረንጓዴ ጨርቅ እንወጥር፣ መንገዱን በኋላ በኮምፒውተር እናስገባዋለን» ብሎሻል። ያንቺ ሐሳብ ትክክል ነው። ብቻ ያንን ፊልም ያየ ሰው ሁሉ ጄቱን ያስታውሳል እንጂ ከጄቱ በፊት መሬት ላይ የተሠራውን አያስታውስም፤ ገንዘብ የሚቃጠለውም እዚያ ላይ ነው።

1. ተዋናዩን አለማምጂው። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው በመጀመሪያው «ቶፕ ገን» ተዋንያኑን ጄት ውስጥ ለመቅረጽ ተሞክሮ ከቶም ክሩዝ በቀር የአብዛኞቹ ምስል ለሥራ አልሆነም፤ ሰውነታቸው አልቻለውም። ለሁለተኛው ክሩዝ ራሱ የሥልጠና ቅደም ተከተል አወጣ፦ መጀመሪያ ትንሿ ሴስና 172፣ ቀጥሎ የአየር ትርኢት አውሮፕላኑ ኤክስትራ 300፣ ከዚያ የማሠልጠኛ ጄቱ ኤል-39፣ መጨረሻ ላይ የጦር ጄቱ ኤፍ/ኤ-18ኤፍ። ሰውነት ሲለምድ ነው ፊት ለትወና ነፃ የሚሆነው። ላንቺ ሦስት ቀን ይበቃል። በጎን ወንበር አስቀምጠሽ በ20፣ በ40፣ በ60 ኪሎ ሜትር፣ ንግግሩን እያለ ይሂድ። መሪና በር የሙጥኝ የሚል ተዋናይ በካሜራ ወዲያው ይታወቃል።

2. ተዋናዩ አይንዳ። ማቬሪክ ላይም የጦር ጄቱን አንድም ተዋናይ አላበረረም። ከፊት የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪ፣ ተዋናዩ ከኋላ ወንበር፤ ማዕዘኑ ነው ብቻውን ያለ ያስመሰለው። ይህ የፍርሃት ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ለመጀመሪያው ፊልም ሲቀረጽ አርት ሾል የተባለው ታዋቂ የአየር ትርኢት አብራሪ አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ ባሕር ገብቶ ሞቷል። እንደሱ ያለ ባለሙያ እያለ የሆነ ነው። ስለዚህ መኪናው ይጎተት። ሎቤድ (መኪና የሚጫንበት ተጎታች) ላይ ከጫንሽው አስተማማኝ ነው፣ ግን ከፍ ስለሚል በመስኮት የሚታየው እግረኛና ታክሲ ወደ ታች ይወርድና ተመልካቹ ይነቃል። ሎቤድ ከሆነ ፊት ላይ ጠበብ አድርጊ፤ መንገዱን ማሳየት ካለብሽ በጠንካራ የብረት መጎተቻ በ30 ወይም 40 ኪሎ ሜትር ይሳብ። ቁልፉ ይከፈት፣ ዳሽቦርዱ ይብራ፤ ተዋናዩም መሪውን ከኩርባው ጋር ማዞር ይልመድ። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪ የሚያወዛውዝ ሰው ማየት ያማል።

3. ካሜራ። እነሱ ኮክፒቱ (የአብራሪው ክፍል) ውስጥ ስድስት ሶኒ ቬኒስ የሚባል ካሜራ አስገብተዋል፤ አራቱ ወደ ተዋናዩ፣ ሁለቱ ወደ ፊት። የተቻለውም ሪያልቶ በሚባለው ተቀጥላ ነው፤ ሌንሱንና ሴንሰሩን (ምስሉን የሚቀበለውን ክፍል) ከካሜራው አካል ለይቶ በኬብል ያገናኛል። የባሕር ኃይሉን ይሁንታ እስኪያገኙ 15 ወር ያህል ፈጅቷል። ላንቺ ሦስት ትንንሽ ካሜራ በቂ ነው። በመስታወት ላይ የሚጣበቀውን መያዣ ብቻውን አትመኚው፤ መስታወቱን በአልኮል ጥረጊ፣ ከዚያ ካሜራውን በቀጭን የብረት ገመድ ከመኪናው አካል ጋር እሰሪ። ኦቶ ፎከስ ይጥፋ፤ ከፊቱ ይልቅ የመስታወቱን ነጸብራቅ ይይዛል። ፎከሱን በእጅ አድርገሽ የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ (አፐርቸር) 5.6 ወይም 8 ላይ አቁሚው፣ የፎከሱን ቀለበት በፕላስተር ለጥፊው። በሰከንድ 25 ፍሬም ስትቀርጺ ሻተሩ (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ይሁን፤ ከዚያ ካፈጠንሽው እንቅስቃሴው ይቆራረጣል። በኤሌክትሮኒክስ የሚያረጋጋውን ማስተካከያ አጥፊ፣ የመኪናውን ንዝረት ከእጅ መንቀጥቀጥ ጋር ያምታታዋል። ለነጸብራቁ ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ ማጣሪያ) ግጠሚ፣ ወደ ሁለት ስቶፕ የሚጠጋ ብርሃን እንደሚበላ አስቢ፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ መቀነስ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ላለው ነጥብ ተራ ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ሁሉም የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነውና። ማቬሪክ ላይ ጄቱ ሲነሳ ዳይሬክተሩ ጆሴፍ ኮሲንስኪ መሬት ይቀራል። ላይ የሚሆነውን አያይም። ካሜራውን የሚያስነሳው፣ ፀሐይ በየት በኩል እንዳለች የሚያየው፣ ጭምብሉን የሚያስተካክለው፣ ንግግሩን የሚለው ያው ተዋናዩ ነው። ለባሕር ኃይሉ በሰዓት እስከ 11,374 ዶላር እየተከፈለ! ስለዚህ ጠዋት ከአብራሪዎቹ ጋር ተቀምጠው እያንዳንዱን ሾት ይነጋገራሉ፣ ከእንጨት በተሠራ የኮክፒት አምሳያ ውስጥ ይለማመዳሉ፣ ይበርራሉ፣ ሲወርዱ ምስሉን አብረው ያያሉ፤ ያልሆነው ካለ ተመልሰው ይወጣሉ።

አንቺም እንደዚያው አድርጊ። የቆመ መኪና ውስጥ ሙሉ ትእይንቱን አሥር ጊዜ። ተዋናዩ ካሜራ ማስነሳትን፣ ቀይ መብራቱን አይቶ ማረጋገጥን፣ የትእይንቱንና የሾቱን ቁጥር ጮክ ብሎ ተናግሮ አንዴ ማጨብጨብን ይልመድ። ሦስቱ ካሜራ ኤዲቲንግ ላይ የሚገጥመው በዚያች ጭብጨባ ነው። ከሁለት ቴክ (የአንድ ሾት ድግግሞሽ) በላይ ምስሉን ሳታዪ አትሂጂ፤ አቁሚ፣ ሜሞሪውን አውጪ፣ ላፕቶፕ ላይ እዪ። አንዱ ካሜራ በመጀመሪያው ጉድጓድ ሁለት ጣት ያህል ዞሮ ቀኑን ሙሉ የተዋናዩን ግማሽ ጆሮ ሲቀርጽ ሊውል ይችላል። «ኤዲቲንግ ላይ እናስተካክለዋለን» የሚል ፕሮዲውሰር ካለሽ አትስሚው፤ በዚህች አነጋገር የተበላሸ ፊልም ብዙ ነው። ማቬሪክ ላይ ከ800 ሰዓት በላይ ተቀርጿል፣ ኤዲተሩ ኤዲ ሃሚልተን ምርጫ ነበረው። አንቺ ያ ምርጫ የለሽም።

ሜሞሪ፦ በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት ከቀረጽሽ አንድ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋ ይበላል፣ ሦስቱ 135። ሁለት ቅጂ ስለሚያስፈልግሽ ለአንድ ሰዓት ቀረጻ 270 ጊጋ ባዶ ቦታ ያዢ። ሁለቱ ቅጂ እኩል መሆናቸው ሳይረጋገጥ ሜሞሪ የሚያጸዳ ሰው አይኑር። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ካሜራ ግሎ ይጠፋል፤ በቴክ መሃል መስኮት ክፈቱ፣ ነጭ ጨርቅ ጣሉበት።

የመንገድ ፈቃዱን ከሁሉ በፊት ጀምሪው። «ነገ ተመለሺ» የሚል ጠረጴዛ አይጠፋም፤ የሚያጥርሽ ደግሞ ሰዓት ነው። ደብዳቤሽ ላይ የመንገዱን መነሻና መድረሻ፣ ሰዓቱን፣ የተሽከርካሪውን ብዛት፣ የሚጎተት መኪና መኖሩን ጻፊ፤ «ለፊልም ቀረጻ» ብቻ የሚል ደብዳቤ ሁለቴ ያመላልሳል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለውን ጠይቂ፣ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በጎን ትገባለች። መንገዱን ቀድመሽ በዚያው ሰዓት ሂጂበትና ፊቱ ላይ ብርሃን የሚያርፍበትን አቅጣጫ ምልክት አድርጊ፤ ሲመለስ ጥላ ስለሚሆን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቅረጺ።