ጥያቄና መልስ፦ «ከልጅነቱ ጀምሮ ኢንጂነር ነበር የሚለው»

አንድ አባት፦ የስምንተኛ ክፍል ልጃቸው አምና ዶክተር፣ ዘንድሮ ፓይለት ካልሆንኩ እያለች አስቸግራቸዋለች። ምን ላድርጋት ይላሉ።

ምንም። ገና የስምንተኛ ክፍል ልጅ ናት።

አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፦ ታሪክና ጂኦግራፊ ይወዳል፤ ግን ጓደኞቹ በሙሉ ናቹራል ሊገቡ ነው።

ጓደኞችህ ማትሪክ አይፈተኑልህም። ሶሻል ግባ።

አንዲት እህት፦ ወንድሟ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ «ኢንጂነር ነኝ» እያለ አድጎ፣ ፍሬሽማን ጨርሶ ምርጫ ሊሞላ ሲል ጂኦሎጂ አማረው። ያ ሁሉ ውሸት ነበር ወይ ትላለች።

ውሸትማ አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1988 የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች በ30 ዓመታቸው ምን እንደሚሠሩ ተጠይቀው ነበር። በ2006 የታተመ ጥናት እነዚህኑ ልጆች ተከትሎ፣ ዲግሪ የያዙትን አይቷል። ሒሳብ ላይ መካከለኛ ሆነው ሳይንስ ነክ ሥራ ያሰቡት በፊዚካል ሳይንስ ወይም በኢንጂነሪንግ የመመረቅ ዕድላቸው 34 በመቶ ነበር። ሒሳብ ጎበዝ ሆነው ሌላ ያሰቡት ግን 19 በመቶ ብቻ። ስለዚህ የልጅነት ፍላጎት ከማርክ ያልተናነሰ ይናገራል። ግን 34 ከመቶ ስንት እንደሚቀረው አስቢው።

እዚያ አገር ዲፓርትመንት መቀየር ብርቅ አይደለም፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ሲሶ ያህሉ ይቀይራሉ። እኛ ጋ ምርጫ ትሞያለሽ፣ በጂፒኤ ትወዳደሪያለሽ፣ የደረሰሽን ትገቢያለሽ። አምስት ዓመት ሲቪል ተቀምጦ የወጣውን ሁሉ «በዓላማው የጸና» ስንል ያናድደኛል። ከገባ በኋላ በሩ ተዘግቶበት ቢሆንስ? የወንድምሽ ዕድሜ ደግሞ ፍላጎት ቅርጽ የሚይዝበት ነው።

አንድ ነገር ጠይቂው፦ ልጅ ሆኖ የወደደው ራዲዮ ፈታትቶ መግጠሙን ነው ወይስ «ኢንጂነሩ!» መባሉን? ከዚያ የሦስተኛ ዓመት የጂኦሎጂ ተማሪ ደብተር ተውሶ ያገላብጥ። ፊልድ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ድንጋይ መቀጥቀጥ እንዳለበትም ይወቅ። አንቺም ቡና ላይ «ከልጅነትህ ጀምሮ እኮ...» ማለቱን ተዪው።

አንዲት እናት፦ የልጆችን ዝንባሌ የሚለካ ፈተና በኢንተርኔት አይተው፣ ልክፈል ወይ ይላሉ።

ገንዘብዎን ይያዙ፤ ነፃ የሆኑም አሉ። ካሻዎት የትምህርት ቤቱን አማካሪ ያነጋግሩ።

አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦ ክላስ መግባት ካቆመ ሁለት ወሩ ነው። እንቅልፍ የለውም፣ ምግብ አስጠልቶታል። የምታስተምረው ዐረብ አገር ያለች እህቱ ስለሆነች ለማንም አልተናገረም። ዲፓርትመንት ልቀይር ይላል።

ወንድሜ፣ የዲፓርትመንቱን ነገር ለጊዜው እንተወው። ዛሬውኑ የግቢህ ክሊኒክ ሂድና ለእኔ የጻፍከውን ሁሉ እዚያ ንገራቸው። «ደክሞህ ነው» ብለው ከመለሱህ የሥነ አእምሮ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል እንዲልኩህ ጠይቅ፤ እምቢ ቢሉህም አትተው። ብቻህን መሄድ ከከበደህ የዶርም ጓደኛህን ይዘኸው ሂድ። ለእህትህም ደውልላት፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ካንተ ብትሰማው ይሻላታል።